ውኃው ያልተሰማኝ ጠዋት

ወገቤን ያመመኝ የማሾ ጆንያ ሳነሳ ነው። እኔና ባለቤቴ ሰይድ ከአውድማው ላይ ጋሪ እየጫንን ነበር፤ እሱ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። ሰማዩ ጠቁሯል። ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ የለፋንበትን እንዳያበሰብስብን ቸኩለናል። ጎንበስ ብዬ አነሳሁ፤ ሳልቃና ወደ ጋሪው ዞርኩ። ከመቀነቴ ዝቅ ብሎ አንድ ነገር ቀጭ አለ። በጆሮዬ ልስማው በአጥንቴ እስካሁን አላውቅም። ጆንያውን አልጣልኩትም፤ ጋሪው ላይ አሳረፍኩት። ከዚያ እንደጎነበስኩ እዚያው ቀረሁ።

"ምነው?" አለ ሰይድ።

"ወገቤን ቀጨኝ።"

"ታዲያ አንቺን ማን ይርገጥሽ?" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ መሳቁ ራሱ እያመመኝ።

ለምን እንደሳቅን ልንገራችሁ። ዘሐራ እባላለሁ። ከጨፋ ሮቢት ገባ ባለች ቀበሌ የምንኖር ገበሬዎች ነን፤ ማሾና ማሽላ እናመርታለን፤ በገበያ ቀን ደግሞ እኔ እህል እነግዳለሁ። መንታ ወልጃለሁ፤ ሐሰንና ሑሴን። በአገራችን መንታ የወለደች ሴት እግሯ ለወገብ መድኃኒት ነው ይባላል። ወገቡን የቀጨው ሰው በሆዱ ይተኛል፤ እሷ ተረከዟን ወገቡ ላይ አሳርፋ ትረግጠዋለች። ልጆቼ ጡት ሳይጥሉ ጀምሬ ዛሬ ጎረምሶች እስኪሆኑ ሰው ስረግጥ ኖሬያለሁ። ገበሬ ረግጫለሁ፣ ነጋዴ ረግጫለሁ፣ አንድ ጊዜ የቀበሌውን ሊቀመንበርም ረግጫለሁ፤ እሱን ትንሽ ጠበቅ አድርጌ። ብዙዎቹ ሰንብተው "እግርሽ ይባረክ" እያሉ ይመለሱ ነበር። ስለዚህ የወገብ ሕመም ለእኔ ባዕድ አይደለም። ባለሙያዋ እኔ ነኝ። ሐኪም ቤት የሚባል ሐሳብ በአጠገቤም አላለፈም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የማውቀው ዓይነት ሕመም ነበር። ሲቀመጡ ይብሳል፣ ሲተኙ ይቀላል፣ ሲያስሉ ይወጋል። ከመንታዎቹ ሑሴን ለሥራ ርቆ ሄዷል፤ ሐሰን ከሚሴ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል፤ እሱ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ የሚባል ክኒንና የሚቀባ ነገር ይዞልኝ መጣ። ቀለል ሲለኝ ተነስቼ የቀረውን ማሾ ማበጠር ጀመርኩ። ማሾ እያለ ማን ይተኛል?

ከዚያ ሕመሙ መንገድ ጀመረ። ከወገቤ ተነስቶ በቀኝ መቀመጫዬ አለፈ፤ ከጭኔ ኋላ ወርዶ፣ ባቴን አቋርጦ እስከ እግሬ ጣቶች ደረሰ። ኤሌክትሪክ እንደሚነዝር ነው። ሱጁድ ወርጄ መነሳት ሲያቅተኝ በርጩማ ላይ ተቀምጬ መስገድ ያዝኩ። በኋላ እንደተማርኩት ይህ ራሱን የቻለ ምልክት ነው፤ ከወገብ አልፎ ከጉልበት በታች የሚወርድ ሕመም ነርቭ እየተነካ መሆኑን ይናገራል። ያን ጊዜ ግን የነገረኝ አልነበረም፤ ቢነግረኝም አልሰማውም ነበር።

ረጋጯ ስትታመም ማን ይርገጣት የሚለው ነገር ቀልድነቱ ቀረ። አማቴ ከቦርከና ማዶ ሌላ የመንታ እናት አስጠራችልኝ። ከድጃ ትባላለች፤ ገበያ ላይ እንተዋወቃለን። ወፈር ያለች፣ ሳቂታ፣ ለሰው የማትሰስት ሴት ናት። ሥራዋን ጥላ መጣች።

"አካም ቡልቴ፣ የኔ ረጋጭ፤ ዛሬ ተራው የኔ ሆነ አይደል?" አለችኝ፤ አካም ቡልቴ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ማለት ነው።

በሆዴ ተኛሁ። ቢስሚላህ ብላ ተረከዟን አሳረፈች። መጀመሪያ ስትረግጠኝ ደስ የሚል ሕመም ነበረው። ደገመች። ያን ጊዜ ሁለቱም እግሮቼ በአንድ ላይ ነደዱ። እስከዚያ ድረስ የሚያመኝ ቀኙ ብቻ ነበር።

"በቃ፣ ውረጂ" አልኳት።

ወረደች። "ሲወጣ ነው እንዲህ የሚያደርገው፣ አብሽሪ" አለችኝ። ይህን ቃል እኔም ለስንቱ ሰው ብዬዋለሁ።

እየመሸ ሲሄድ ሕመሙ ቀነሰ። እግሬን የሚያነደው ነገር በረደ። አልሐምዱሊላህ አልን። አማቴ ለከድጃ ዱዓ አደረገችላት፤ ሰይድም ለመጀመሪያ ጊዜ ተረጋግቶ ተኛ። ሕመሙ የቀነሰው ነርቮቹ እየደነዘዙ ስለነበር መሆኑን የነገረኝ ሐኪም ነው። ሕመም ሲጠፋ ደስ ከማለታችሁ በፊት በቦታው ምን እንደቀረ እዩ።

ለማለዳው የሱብሒ ሰላት ተነሳሁ። ግድግዳ ይዤ ከጓሮ ወዳለው መጸዳጃ ሄድኩ። ተቀመጥኩ። ሽንት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ከትናንት ወዲህ አልሸናሁም። አልመጣም። ጠበቅኩ። አልመጣም። ተውኩትና ለኢስቲንጃ፣ ከመጸዳጃ በኋላ ለመታጠብ፣ ጀሪካኑን አነሳሁ። ውኃው ውጭ ያደረ ነው። እጄን በብርድ ቆረጠው። ሌላው ገላዬ ግን ዝም አለ። ደግሜ አፈሰስኩ። ምንም። በእጄ ነካሁት። የራሴ ገላ አልነበረም። አንድ ጊዜ ጥርሴን ስነቀል ድዴ እንደሆነው ነው፤ እጄ ይነካዋል፣ እሱ ግን መነካቱን አያውቅም።

ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ለማን ልናገር? ሰይድ ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ስለዚያ የሰውነት ክፍል አንድም ቀን በቃል ተነጋግረን አናውቅም። ለአማቴ "ሽንት አስቸገረኝ" ብቻ አልኳት፤ የመደንዘዙን ነገር ዋጥኩት።

"ብርድ ነው" አለች። በእኛ ዘንድ ስሙ ያልታወቀ በሽታ ሁሉ ወይ ብርድ ነው ወይ ዓይን ነው። አብሽ አፍልታ ሰጠችኝ። ጠጣሁት። የገባው አልወጣም።

ረፋዱ ላይ ከጓሮ ወደ ቤት ስመለስ አማቴ ከኋላዬ ጠራችኝ። የቀኝ እግሬን ነጠላ ጫማ በእጇ ይዛለች። "ምነው ጥለሽው መጣሽ?" አለችኝ። እግሬን አየሁት። ባዶ ነው። ጠጠር ላይ ቆሜያለሁ። ጫማው መቼ እንደወለቀ፣ ጠጠሩን መቼ እንደረገጥኩ አላውቅም።

"ሐሰንን ጥሩልኝ" አልኩ። "ከሚሴ ይውሰደኝ።"

ሐሰን ባጃጁን እያበረረ መጣ። ሰይድ ሜዳ ላይ ነበር፤ ተከትሎን እንዲመጣ መልእክት ላክንበት። ከኋላ ወንበር ትራስ ደግፈው አስተኙኝ። ከቀበሌያችን እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ጎማ የሚያስለቅስ ነው። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር መጮህ ነበረብኝ። አልጮህኩም። አላመመኝም። ያስፈራኝ እሱ ነው።

"እማ፣ ዛሬ ሻል ያለሽ ይመስላል" አለ ሐሰን በመስታወቱ እያየኝ። "ዝም ብለሻል።"

"ንዳ" አልኩት።

ከሚሴ የደረስንበት ሕክምና ቤት ተራ ነበረው። ሐሰን ለምኖ ቀድሞ አስገባኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቢበዛ ልጆቼን በጥቂት ዓመት ይበልጣቸዋል። ሐሰን በክንዱ ደግፎኝ ገባ፤ አልወጣም። ልጅ ነው፤ እናቱን እንዲህ እያየ ጥሏት የት ይሂድ?

ሐኪሙ ጠየቀኝ። ምን ሲሠሩ ጀመረዎት? ሳነሳ። ወዴት ይወርዳል? ወደ እግሬ። ትኩሳት አለ? የለም። ከዚህ በፊት ወድቀው ያውቃሉ? አላውቅም።

"ሽንትና ሰገራስ እንዴት ነው?"

ሐሰንን አየሁት። ቅንድቡን ሰብስቦ አፌን ይጠብቃል። ጡቴን የጠባ ልጅ ነው፤ ያጠብኩት፣ ያሳደግኩት። በእሱ ፊት ይህ ነገር ከአፌ አይወጣም።

"ደህና ነው" አልኩ።

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና እስክሪብቶውን አነሳ። የጡንቻ መሸማቀቅ ሊሆን እንደሚችል፣ የማስታገሻ መርፌ እንደሚያዝልኝ፣ ከባድ ነገር እንዳላነሳ ነገረኝ። ሐሰን እፎይ ሲል ሰማሁት። መርፌውን ተወግቼ ወደ ቤት ልመለስ ነው። ልቤ "ተናገሪ" ይለኛል፤ ምላሴ እንደዚያኛው ገላዬ ደንዝዟል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማሁ አድጌያለሁ፤ ያን ቀን ግን ተረቱ እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም።

ያተረፈኝ የሐኪሙ አለመቸኮል ነው። ወረቀቱን ከመስጠቱ በፊት "እስቲ በእግር ጣትዎ ይቁሙ" አለኝ። አልቻልኩም። "በተረከዝዎስ ይራመዱ።" የቀኝ እግሬ ወለሉን እንደ ጨርቅ ጠፍ አደረገው። አልጋው ላይ አስተኛኝና ሆዴን ከእምብርቴ በታች ሲጫን እጁ ቆመ። ደግሞ ተጫነው።

"ወንድሜ፣ አንዴ ውጭ ጠብቀን" አለው ሐሰንን።

ሐሰን ወጣ። ሐኪሙ አንዲት ነርስ ጠራ፤ በሩን ዘጋች። ነርሷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ሂንሶዳቲን" አለችኝ፤ አትፍሪ ማለቷ ነው። ሐኪሙ ወንበሩን አስጠጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እናቴ፣ ኢስቲንጃ ሲያደርጉ ውኃው ይሰማዎታል?"

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ይጠይቀኛል ብዬም አላሰብኩም። ጓሮዬ ቆሞ ያየኝ መሰለኝ።

"አይሰማኝም" አልኩ። "ከዛሬ ሱብሒ ጀምሮ አይሰማኝም። ሽንቴም ከትናንት ወዲህ አልወጣም። ጫማዬ ከእግሬ ሲወልቅ አላወቅኩም።" ከዚያ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ስላመመኝ አይደለም፤ ከአፌ ስለወጣ ነው።

ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት ቀደደው። ጥጥና መርፌ ይዞ ጭኔንና መቀመጫዬን እየነካ "ይሄስ? ይሄስ?" አለ። ብዙውን የለም አልኩ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ ቃሉን አልረሳውም።

"ኮዳ ኢኳይና ሲንድሮም ይባላል። በአከርካሪ አጥንቶችዎ መካከል ዲስክ የሚባል ትራስ አለ፤ እሱ ወጥቶ ወደ ታች የሚወርዱትን ነርቮች አፍኗቸዋል። እነሱ የሽንት፣ የሰገራና የእግር ነርቮች ናቸው። ሳይቆይ በቀዶ ጥገና ካልተለቀቁ ላይመለሱ ይችላሉ። ዛሬ ደሴ መግባት አለብዎት።"

"ነገስ?"

"ለነገ ቃል አልገባልዎትም።"

ነርሷ ካቴተር የሚባለውን የሽንት ቱቦ አስገባችልኝ። ሲገባ አልተሰማኝም። ከረጢቱ ሲሞላ በዓይኔ አየሁ፤ ያ ሁሉ በውስጤ መኖሩን አላውቅም ነበር። ሽንት ያለ ማቋረጥ ሲጠራቀም ፊኛውን እንደሚጎዳው፣ ወደ ኩላሊትም እንደሚመለስ ነገረችኝ።

ሰይድ ከእናቱ ጋር ደረሰ። አማቴ ትወደኛለች፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ቀዶ ጥገና የሚለውን ቃል ስትሰማ ግን ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች።

"ወገቡ ተቀዶ የቆመ ሰው አይቼ አላውቅም" አለች። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ነገ ጁምዓ ነው፤ ዱዓ ይደረግላትና ከዚያ ትሂድ። አንዲት ቀን ምን ታደርጋለች?"

ክፉ ሐሳብ አይደለም። በእኛ አገር ዱዓ ሳይደረግ ጥጃ አይገዛም፤ እንኳን ወገብ ሊቀደድ። ሰይድ መሬት መሬት ያያል። እሱም ያንኑ እያሰበ መሆኑን አወቅሁ። አልጋው ላይ ሆኜ ሁሉም ነገር በአንዲት ቀን ላይ እንደተንጠለጠለ ይታየኛል። መቼም የማልነሳ ብሆን ማን ይሸከመኛል? ሽንቴን ሳላውቀው የሚፈሰኝ ብሆን ከሰው ጋር እንዴት እቀመጣለሁ? ሰላቴስ?

ሰይድ ሐኪሙን ጠየቀው። "ብንቆይ ምን ትሆናለች?"

"በሕይወት ትኖራለች" አለ ሐኪሙ። "ግን ላትራመድ ትችላለች። ሽንቷንም ላትቆጣጠር ትችላለች።"

ሰይድ ወደ እኔ ዞረ። እኔ "ውሰደኝ" አልኩት። ሌላ ቃል አልነበረኝም።

"እማ" አላት እናቱን፣ "አንቺ ዱዓውን አስደርጊ። እኛ መንገድ ላይ አሚን እያልን እንሄዳለን።"

አማቴ ተነሳች። ነጠላዋን አውልቃ እግሬ ላይ አለበሰችኝ።

በአምቡላንስ ሄድን። ሐሰን ከፊት ከሾፌሩ ጋር፣ ሰይድ ከኋላ አጠገቤ። እግሬን ማየት አልችልም፤ ጣሪያውን ነው የማየው።

"ጣቴን ቆንጥጠኝ" አልኩት።

"ቆንጥጬሻለሁ።"

"የግራውን?"

"የግራውን።"

"ተሰማኝ። ቀኙንስ?"

ወደ እግሬ አጎነበሰ። "ሰይድ፣ ቀኙን ቆንጥጠኝ እንጂ።"

"ቆንጥጬ ይዤዋለሁ፣ ዘሐራ።"

ሐርቡን አለፍን። እንደገና ቆንጥጠኝ አልኩት። ግራው አለ። ኮምቦልቻ ገባን። ግራው አለ፣ ግን ሩቅ ነው፤ በወፍራም ካልሲ ላይ እንደ መቆንጠጥ። ሐረጎ ዳገት ላይ መኪናው በጭነት መኪናዎች ኋላ ቀስ እያለ ተጠማዘዘ። ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ መንገዱ ጠባብ ነው። እንደገና ቆንጥጠኝ ማለት ፈራሁ። ካልተሰማኝስ? ሰይድ ገብቶት መሰለኝ፣ እሱም አልቆነጠጠኝም። እጄን ያዘ። እጄ ይሰማኛል።

ደሴ ኤምአርአይ የሚባል ምርመራ ተደረገልኝ። ጠባብ ዋሻ ውስጥ አስገብተው አትንቀሳቀሺ ይላሉ፤ ብረት እንደሚቀጠቀጥ ይጮኻል። ውጤቱን የቀዶ ጥገና ሐኪሙ በኮምፒውተር አሳየን፤ በኤል ፎርና በኤል ፋይቭ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ወጥቶ መንገዱን ሞልቶታል። ሐኪሙ ጠና ያለ፣ ቃሉን የሚቆጥብ ሰው ነው።

"የምንሠራው የታፈነውን መልቀቅ ነው" አለኝ። "የሚመለሰው ይመለሳል፣ የሚቀረው ይቀራል። ምን ያህሉ እንደሚመለስ ዛሬ አልነግርዎትም። ቶሎ መምጣትዎ ግን ጥሩ ነው።"

ፈረምኩ። የመግሪብ አዛን ሲሰማ በተሽከርካሪ አልጋ ይገፉኝ ነበር። ሻሃዳዬን ያዝኩ። ጭንብል አድርገው ተንፍሺ አሉኝ። ተነፈስኩ።

ስነቃ የመጀመሪያው ቃሌ "ቆንጥጠኝ" ነበር አሉ። ሰይድ ፈርቶ ለነርሷ ተወላት። እሷ ቆነጠጠችኝ። ግራው ተሰማኝ። ቀኙ ያን ቀን አልተሰማኝም፤ ከቀናት በኋላ ግን አውራ ጣቴ ትንሽ ነቃነቅ ስትል ሐሰን አይቶ እንደ ጎል አስቆጣሪ ክፍሉን አተራመሰው፤ በአጠገባችን የተኙት ሕመምተኞችም አብረው አልሐምዱሊላህ አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅምና አሰልቺ ነው፤ እናንተም ብትታመሙ ይህ እንዳያስደነግጣችሁ። ካቴተሩን ሲያወጡልኝ መጀመሪያ ሽንቴ እምቢ አለና ቱቦው ተመልሶ ገባ፤ ተስፋ ቆርጬ ሁለት ቀን ከሰው ጋር አልተነጋገርኩም፤ በሁለተኛው ሙከራ ግን ነርሷ ቧንቧ ከፍታልኝ የውኃውን ድምፅ እየሰማሁ ስቀመጥ ቀስ ብሎ መጣ፣ እኔም እንደ ሕፃን እያለቀስኩ ሰይድን ጠራሁት። ስለ ሰላቴ የምጨነቀውን ሰይድ ወስዶ ለአንድ ሸኽ ነገራቸው፤ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው ለየሰላቱ ወቅቱ ሲገባ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፣ ዑዝር፣ በቂ ምክንያት፣ አለው፣ አላህ ከአቅም በላይ አይጠይቅም ብለው ላኩብኝ። ያቺ መልእክት ከማስታገሻው በላይ አሳረፈችኝ። በተኛሁበት በዓይኔ እየጠቆምኩ ሰገድኩ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ደግሞ እንደ አዲስ ሰው መሆን አስተማረችኝ። ከአልጋ ስነሳ በቀጥታ ሳይሆን በጎኔ ዞሬ፣ እግሬን አውርጄ፣ በክንዴ ተደግፌ እንድነሳ፤ ዕቃ ሳነሳ ጉልበቴን አጥፌ፣ ዕቃውን ከሆዴ አስጠግቼ፣ መዞር ካለብኝ ወገቤን ሳይሆን እግሬን አንቀሳቅሼ እንድዞር። ይህን ስታሳየኝ የማሾው ጆንያ ትዝ አለኝና ሳቅኩ፤ ያን ቀን ያደረግኩት የዚህን ሁሉ ተቃራኒ ነው። ቤት ከገባሁ በኋላ በክራንች፣ ከዚያ በዱላ፣ ከዚያ የሐሰንን ትከሻ ይዤ፣ በመጨረሻ ማሳው ዳር ድረስ ብቻዬን መሄድ ቻልኩ። ውኃውም ተመለሰ፤ መጀመሪያ የሆነ ነገር እንደነካኝ ብቻ፣ ከብዙ ሳምንታት በኋላ ቅዝቃዜው። አሁንም መዳፍ የምታህል ቦታ በቀኝ በኩል ደንዝዛ ቀርታለች፤ ደክሞኝ ስውል የቀኝ እግሬ ትንሽ ይጎተታል፤ ሽንቴንም እስኪመጣ ሳልጠብቅ በየሰላቱ ሰዓት እሄዳለሁ። ይህን የምነግራችሁ ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ ብዬ እንዳልዋሻችሁ ነው። ቢሆንም እራመዳለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ ገበያም እወጣለሁ።

ከድጃ ልትጠይቀኝ መጣች፤ ብርቱካን ይዛ፣ ዓይኗ ቀልቶ። በር ላይ ቆማ "እኔ ነኝ አይደል?" አለችኝ።

ያንኑ ጥያቄ ደሴ እያለሁ የቀዶ ጥገና ሐኪሙን ጠይቄው ነበር፤ የመለሰልኝን ነገርኳት። ዲስኩ መጀመሪያ የተጎዳው ጆንያውን ሳነሳ ሳይሆን አይቀርም፤ መረገጡ አባብሶት ሊሆን ይችላል፣ በራሱም ሊብስ ይችል ነበር፤ ይህን ለይቶ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ሕመሙ እግሩ የገባ፣ የደነዘዘው ወይም የዛለ ሰው ፈጽሞ አይረገጥም፣ አይታሽም፣ በወጌሻም አይጎተትም። ከድጃ ብዙ አለቀሰች። እኔም የረገጥኳቸውን ሰዎች ሁሉ እያሰብኩ አብሬያት አለቀስኩ፤ ከዚያ ብርቱካኑን ልጠን በላን።

ሰው አሁንም ይመጣል፤ ስም ቶሎ አይጠፋም። አልረግጥም። ተቀመጥ እለውና እጠይቀዋለሁ። ወዴት ይወርዳል? እግርህ ዝሏል? መቀመጫህ አካባቢ ደንዝዟል? ሽንትህ ይታወቅሃል? አንድ ሽማግሌ "ልረገጥ ነው የመጣሁት እንጂ ልመረመር ነው?" ብለው ከዘራቸውን አንስተው ሄዱ። ይሁን። በማግስቱ ግን ልጃቸው ይዟቸው ከሚሴ ሄደ፤ የእሳቸው ተራ የጡንቻ ሕመም ሆኖ ተገኘና አሁን ሲያገኙኝ ይስቁብኛል። ቢስቁብኝ ደስታዬ ነው።

የከሚሴው ሐኪም ለምስጋና በሄድኩ ጊዜ እንዲህ አለኝ፦ "አብዛኛው የወገብ ሕመም ዕረፍትና ጊዜ ይበቃዋል። ለዚህ ነው አደገኛው የሚያመልጠን።" እኔም የምላችሁ ይህንኑ ነው። ከሥራ በኋላ ወገባችሁን ባመማችሁ ቁጥር አትሸበሩ፤ ትንሽ እረፉ፣ ቀኑን ሙሉ ግን ተኝታችሁ አትዋሉ፣ ቀስ እያላችሁ ተንቀሳቀሱ። በሳምንታት ውስጥ ካልተሻላችሁ፣ ወደ እግር ከወረደ፣ ከመውደቅ በኋላ ከመጣ ወይም ትኩሳትና ክሳት ከተከተለው ሐኪም ቤት ታዩ። እግር ከዛለ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ሳይታወቅ ካመለጠ፣ ስትታጠቡ ውኃው ካልተሰማችሁ ግን ያን ጊዜ ነገ የሚባል የለም፤ ዱዓችሁን ይዛችሁ በዚያው ቀን ውጡ። ሐኪሙም ሳይጠይቃችሁ ተናገሩ። ሰው ካለ አስወጡልኝ በሉ፤ መብታችሁ ነው። ማስወጣት ካልተቻለ በሰው ፊት ተናገሩት። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።

ያን ቀን እጁን ሆዴ ላይ ያቆመውን ሐኪም፣ ጆሮዬ ላይ አትፍሪ ያለችኝን ነርስ፣ በሐረጎ ጥሩምባውን እየነፋ የወጣውን ሾፌር፣ የደሴዎቹን ሁሉ አላህ ይጠብቅልኝ። ሰይድን ምን ብዬ አመሰግነዋለሁ? ካቴተሩን ሲያጥብ፣ ሲቀይር፣ አንድም ቀን ፊቱን አላጨፈገገም።

ሐሰንም በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቶ ኖሯል፤ የሕክምና ቤቱ በር ቀጭን ነው። ለብዙ ጊዜ አልነገረኝም። ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ ግን ማለዳ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ብቅ ብሎ "እማ፣ እንዴት አደርሽ? ሽንት ወጣ?" ይለኛል። እንግዳ ቢኖርም ይላል፤ አያቱ ተቀምጣም ይላል። መጀመሪያ ሰሞን በሻሼ ፊቴን እሸፍን ነበር። አሁን ቀና ብዬ አየዋለሁ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ወጣ" እለዋለሁ። እሱም ባጃጁን አስነስቶ ይሄዳል።